ክሪሚኖሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ መማር፦ ከኮርስ ምርጫ እስከ መመረቂያ ጥናት

«ባለፈው ዓመት ስርቆት በ67 በመቶ ጨመረ» የሚል ዜና ስናነብ አብዛኞቻችን ወዲያው ምክንያት ፍለጋ እንገባለን። ሥራ አጥነቱ ነው፣ የኑሮ ውድነቱ ነው፣ የልጆች አስተዳደግ ተበላሽቶ ነው እንላለን። ክሪሚኖሎጂን፣ ማለትም የወንጀል ጥናትን፣ በወጉ የተማረ ሰው ግን ከምክንያቱ በፊት ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፦ ማን ቆጠረው? እንዴት ቆጠረው? ሳይቆጠር የቀረውስ ስንት ነው?

እኔ ትምህርቱን ስጀምር ይህን የነገረኝ አልነበረም። የሊቃውንቱን ስምና የንድፈ ሐሳቦቹን ዝርዝር ስሸመድድ ሁለት ሴሚስተር አለፈ። ፈተናውን አለፍኩ፤ ነገር ግን አንድ የጋዜጣ ዜና እንኳ ለመመርመር አቅሙ አልነበረኝም። ያን ጊዜ በእጄ ቢገባ ብዬ የምመኘው ዓይነት መመሪያ ይህ ነው። ክሪሚኖሎጂን ለብቻው የምትማሩም ሆነ ከሕግ፣ ከሶሲዮሎጂ ወይም ከሳይኮሎጂ ጋር አዳብላችሁ የምትወስዱ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የምትማሩት ምን እንደሆነ ለዩ

አንድ ሰው ስልኩ ተሰረቀ እንበል። በስልኩ ላይ የቀረውን የጣት አሻራ የሚመረምረው የፎረንሲክ ባለሙያ ነው። ድርጊቱ በሕጉ መሠረት ስርቆት ነው ወይስ ውንብድና ብሎ የሚከራከረው የሕግ ባለሙያ ነው። ተጠርጣሪውን አድኖ የሚይዘው መርማሪ ፖሊስ ነው። ክሪሚኖሎጂ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይጎራበታል፤ ጥያቄው ግን የራሱ ነው። ስርቆቱ በዚያ ቦታና በዚያ ሰዓት ለምን ተፈጸመ? ተጎጂው ለፖሊስ አመለከተ ወይስ ዝም አለ? ከሰረቁት መካከል የሚያዙት እነማን ናቸው? እስራቱስ ያሰበውን ውጤት አመጣ?

አሜሪካዊው ኤድዊን ሰዘርላንድ የትምህርቱን ወሰን ሲያስቀምጥ ሦስት ነገሮችን አጣምሯል፦ ሕግ የሚወጣበትን፣ ሕግ የሚጣስበትን እና ኅብረተሰቡ ለጥሰቱ ምላሽ የሚሰጥበትን ሂደት። ብዙ ተማሪ የሚመጣው መካከለኛውን ብቻ ፈልጎ ነው። በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሞች ላይ የሚያያቸውን የነፍሰ ገዳዮች አእምሮ መመርመር የሚማር ይመስለዋል። ያ ርእስ ከትምህርቱ ትንሽ ጥግ የያዘ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜያችሁን የምታሳልፉት ከተራ ስርቆት፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት፣ ከማጭበርበር፣ ከፖሊስ አሠራርና ከማረሚያ ቤት ጋር ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በሁለተኛው ወር ተስፋ አይቆርጥም።

ደረጃ 2፦ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሱን ዝርዝር አንብቡ

የፕሮግራሙ ስም ያታልላል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፕሮግራሞች በይዘት ላይገናኙ ይችላሉ። አንዱ በፖሊስ፣ በፍርድ ቤትና በማረሚያ ቤት አስተዳደር ላይ ያተኩራል፤ ሌላው በወንጀል መንስኤና በማኅበራዊ ጥናት ላይ። ስለዚህ የኮርሶቹን ዝርዝር አውጡና ሁለት ነገር ፈልጉ። የመጀመሪያው የምርምር ዘዴና የስታቲስቲክስ ኮርሶች ብዛት ነው፤ ቢያንስ ሁለት ከሌሉ የምታገኙት ትምህርት ስለ ወንጀል የተባለውን መስማት እንጂ ራሳችሁ መመርመር አይሆንም። ሁለተኛው በመጨረሻው ዓመት ራሱን የቻለ የመመረቂያ ጥናት መኖሩ ነው።

ከሌላ ትምህርት ጋር ስታዳብሉ ደግሞ ጥንዱ ወዴት እንደሚጎትታችሁ እወቁ። ሳይኮሎጂ ወደ ግለሰቡ፣ ሶሲዮሎጂ ወደ ኅብረተሰቡ፣ ሕግ ወደ ሥርዓቱ ይጎትታል። የእኔ ምክር የምርጫ ኮርሶቻችሁን ከተቃራኒው ወገን እንድትወስዱ ነው። ከሳይኮሎጂ ጋር የምትማሩ ከሆነ ስለ ሠፈርና ስለ ከተማ የሚያስተምር ኮርስ ጨምሩ፤ ከሕግ ጋር ከሆነ ስታቲስቲክስ ጨምሩ።

ሒሳብ የምትፈሩ ካላችሁ አይዟችሁ። በመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው መቶኛ ማስላት፣ ምጣኔ ማስላትና ሰንጠረዥ ማንበብ ነው።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ ተማሩ

አብዛኛው ሥርዓተ ትምህርት በታሪክና በንድፈ ሐሳብ ይጀምራል። በክፍል ውስጥ በዚያው ሂዱ፤ በግል ጥናታችሁ ግን ከአኃዝ ጀምሩ። እስክሪብቶ ያዙና የሚከተለውን አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

በአንድ ከተማ 2,000 ሰዎች ተመርጠው «ባለፉት 12 ወራት ንብረት ተሰርቆባችኋል?» ተብለው ተጠየቁ። 160ዎቹ አዎ አሉ። ከእነዚህ ለፖሊስ ያመለከቱት 64 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ዕቃው ርካሽ ስለሆነ፣ አይገኝም ብለው ስላመኑ ወይም ሰራቂው ዘመድ ስለሆነ ዝም አሉ። ፖሊስ ደግሞ ከ64ቱ አቤቱታዎች 48ቱን በስርቆት መዘገበ፤ የቀሩት «ጠፍቶባቸው ይሆናል» ተብለው ታለፉ። እንግዲህ በይፋዊው መዝገብ የሚታየው ከተፈጸመው 30 በመቶ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የተሰረቀባቸው ሰዎች ቁጥር ያው 160 ሆነ። ነገር ግን በስልክ ማመልከት ስለተቻለ አመልካቾቹ 96 ደረሱ። የአመዘጋገብ ደንቡም ስለጠበቀ 80 አቤቱታዎች ተመዘገቡ። ከ48 ወደ 80 ስንሄድ ጭማሪው 67 በመቶ ነው። በመግቢያው ላይ ያነበባችሁት ዜና ከዚህ ሊወለድ ይችላል። በከተማው ግን ከአምናው በላይ የተሰረቀበት አንድ ሰው እንኳ የለም። እንዲያውም የሆነው በጎ ነገር ነው፤ ሰው ፖሊስን ማመን ጀመረ፣ ፖሊስም በትጋት መመዝገብ ጀመረ።

ይህን ስሌት እስኪዋሐዳችሁ ድረስ በተለያየ ቁጥር ደጋግማችሁ ሥሩት። የኮርሱ ግማሽ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። በትምህርቱ ውስጥ ያልተቆጠረው ወንጀል የሚባለው፣ በተፈጸመውና በተመዘገበው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ክፍተቱን ለማየት አገሮች የተጎጂዎች የዳሰሳ ጥናት ያካሂዳሉ። አሜሪካ የፖሊስ መዝገቦችን በአገር አቀፍ ደረጃ መሰብሰብ የጀመረችው በ1930 ሲሆን ተጎጂዎችን በቀጥታ የሚጠይቀው ጥናቷ መረጃ መሰብሰብ የጀመረው ከ1973 ወዲህ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ተመሳሳዩ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1982 ነው።

ዳሰሳውም የራሱ ዕውር ቦታ አለው። የተገደለ ሰው አይጠየቅም። ጉቦ ሰጪና ተቀባይ ሁለቱም ተጠቃሚ ስለሆኑ ተጎድቻለሁ የሚል አይገኝም። ቤተሰብ እየተዞረ ሲጠየቅ ጎዳና ላይ የሚያድሩትና በማረሚያ ቤት ያሉት ይቀራሉ፤ እነዚህ ግን ለጥቃት እጅግ የተጋለጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንዱን ምንጭ ጥሎ ሌላውን ማምለክ አይገባም። የነፍስ ግድያን ለማነጻጸር የፖሊስና የጤና ተቋማት መዝገብ ይሻላል፤ አስከሬን መደበቅ ከባድ ነውና። ለስርቆትና ለድብደባ የተጎጂዎች ዳሰሳ ይሻላል። ለወጣቶች ቀላል ጥፋት ደግሞ ማንነታቸው ሳይጠቀስ ወጣቶቹን ራሳቸውን መጠየቅ ይረዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዛትን ከምጣኔ አታምታቱ። 40,000 ነዋሪ ባላት ከተማ በዓመት 6 ሰዎች ቢገደሉ፣ 2,500,000 ነዋሪ ባላት ከተማ ደግሞ 150 ቢገደሉ፣ የምታስፈራው ትልቋ ትመስላለች። ለ100,000 ሰው ሲሰላ ግን ትንሿ 15፣ ትልቋ 6 ትሆናለች። እዚያው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በትንሿ ከተማ ሦስት ግድያ ቢጨመር ዜናው «ግድያ በ50 በመቶ አሻቀበ» ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን መቶኛው ይዘላል። በየሳምንቱ አንድ የወንጀል አኃዝ ከዜና ላይ ቅዱና ማን እንደቆጠረው፣ ወንጀሉን እንዴት እንደተረጎመው፣ ለስንት ሰው እንደሆነና የአቆጣጠር ለውጥ መኖር አለመኖሩን በአራት መስመር ጻፉበት።

ደረጃ 4፦ ንድፈ ሐሳብን በጥያቄው ያዙት

ንድፈ ሐሳቦቹ ብዙ ናቸው፤ ስማቸውም ይደበላለቃል። መድኃኒቱ እያንዳንዱን «ይህ ሰው ሲመልስ የነበረው የትኛውን ጥያቄ ነው? ከማን ጋርስ ይጣላል?» ብሎ መያዝ ነው።

ጣሊያናዊው አሳቢ ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 ሲጽፍ ከፊቱ የነበረው በማሠቃየት የእምነት ቃል የሚቀበል የፍርድ ሥርዓት ነበር። የእሱ ጥያቄ ቅጣት ምን ያህል መሆን አለበት የሚል ነበር። ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው ሲል መለሰ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሐኪሙ ቼዛሬ ሎምብሮሶ በ1876 ጥያቄውን ከቅጣቱ ወደ ተቀጪው አካል አዙሮ፣ ወንጀለኛ በራስ ቅሉና በፊቱ ቅርጽ ይለያል አለ። ሐሳቡ ብዙ ተከታይ አፈራ፤ ነገር ግን በ1913 ቻርልስ ጎሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን ለክቶ፣ ተማሪዎችና ወታደሮች ከሚገኙባቸው እስረኛ ካልሆኑ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር የተባለው የተለየ የወንጀለኛ መልክ አልተገኘም። የሎምብሮሶን ስም ስታጠኑ ይህን አብራችሁ አጥኑ፤ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ጥናት የቱን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ጥሩ መንገድ አለ፤ ተረትና ምሳሌዎቻችንን ከንድፈ ሐሳቦቹ ጋር ማፋጠጥ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» እንላለን። ሰዘርላንድም ወንጀል የሚቀሰመው ከቅርብ ሰዎች ጋር በሚደረግ ግንኙነት ነው ይላል፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ተረቱን የደገመ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታነቡ ግን ልዩነቱ ይታያል። ለሰዘርላንድ አብሮ መዋል ብቻውን አይበቃም። ሕግ መጣስን የሚደግፉ አመለካከቶች ሕግ ማክበርን ከሚደግፉት ማመዘን አለባቸው፤ ሚዛኑም በግንኙነቱ ድግግሞሽ፣ በቆይታው፣ በዕድሜ ምን ያህል ቀድሞ እንደጀመረና በጥልቀቱ ይለያያል። ከሌቦች ጋር ውሎ የሚያድር የማረሚያ ቤት ጠባቂ ለምን ሌባ እንደማይሆን ተረቱ አይነግረንም፤ ሰዘርላንድ ሊነግረን ይሞክራል።

«እንቁላል የሰረቀ ነገ በሬ ይሰርቃል» የሚለውስ? እዚህ መረጃው ተረቱን ይሞግታል። በ1945 ተወልደው በአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ከተማ ያደጉ 9,945 ወንዶችን የተከታተለው የማርቪን ዎልፍጋንግና የባልደረቦቹ ጥናት በ1972 ሲታተም፣ 627 ልጆች ማለትም ከጠቅላላው 6 በመቶ ያህሉ ከተመዘገበው ጥፋት 52 በመቶውን እንደፈጸሙ አሳየ። ጥቂቶቹ በሬ ድረስ ይሄዳሉ፤ እንቁላል ሰርቀው የሚያቆሙት ይበዛሉ። ቴሪ ሞፊት በ1993 ይህን ይዛ፣ በጉርምስና ብቻ የሚያጠፉትንና ከልጅነት ጀምረው የሚቀጥሉትን ለይታ መንስኤያቸውም የተለያየ ነው አለች። በደረጃ 3 የተማራችሁትን ግን እዚህ አትርሱ፤ የፊላዴልፊያው አኃዝ የተወሰደው ከፖሊስ መዝገብ ነው። ፖሊስ የሚበዛበት ሠፈር ልጅ ቶሎ ይመዘገባል።

ቀጥሎ ሌሎች አራት ንድፈ ሐሳቦችን በአንድ ክስተት ላይ ሞክሯቸው፤ በቅንፍ ያለው ሐሳቡ የታተመበት ዓመት ነው። የ16 ዓመት ልጅ በአውቶቡስ ፌርማታ ስልክ ነጠቀ። ሮበርት ሜርተን (1938) ሀብት ለሁሉም እየተሰበከ መንገዱ ለምን ለዚህ ልጅ እንደተዘጋ ይጠይቃል። ትራቪስ ሂርሺ (1969) ጥያቄውን ይገለብጠዋል፤ ፌርማታው ላይ የነበሩት ሌሎች ልጆች ለምን አልነጠቁም ብሎ ከቤተሰብና ከትምህርት ቤት ጋር ያላቸውን ትስስር ይመረምራል። ሎውረንስ ኮሄንና ማርከስ ፌልሰን (1979) ስለ ልጁ ልብ ብዙም አይጨነቁም፤ ለመስረቅ የተነሣሣ ሰው፣ አመቺ ዒላማና የጠባቂ አለመኖር በአንድ ቦታና ሰዓት እንዴት ተገናኙ ይላሉ። ሃዋርድ ቤከር (1963) ደግሞ ከተያዘ በኋላ ያለውን ያያል፤ ልጁ «ሌባ» ከተባለ ወዲህ የትኛው በር ተዘጋበት?

አንዱ ትክክል ሌሎቹ ስሕተት ናቸው ብላችሁ አትቸኩሉ። የተለያየ ነገር እያብራሩ ነው። ይህን ልምምድ በስምንት ወይም በአሥር ክስተቶች ላይ የሠራ ተማሪ ለፈተና መሸምደድ አያስፈልገውም።

ደረጃ 5፦ አንድ ጥናት እስከ ሥሩ ማንበብ ተለማመዱ

በሴሚስተር አሥር ጥናቶችን ከመቃኘት ሦስቱን እስከ ሥራቸው ማንበብ ይበልጣል። ስታነቡ ከአጭር መግለጫው ወደ ሰንጠረዦቹ እለፉ፣ ከዚያ የአሠራር ዘዴውን፣ በመጨረሻ የጸሐፊውን ማብራሪያ አንብቡ። ማብራሪያውን ካስቀደማችሁ ሰንጠረዡን በእሱ ዓይን ታነቡታላችሁ።

ሁሉም ተማሪ ሊያውቀው ይገባል የምለው አንድ ጥናት አለ። በ1939 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች፣ 506 ወንዶች ልጆች በዕድሜ፣ በቤተሰብ ሁኔታና በመሳሰለው እየተመሳሰሉ በጥንድ በጥንድ ተመደቡ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ በዕጣ ተመርጦ በአማካይ ለአምስት ዓመት ያህል አማካሪ በወር ሁለት ጊዜ ገደማ እየጎበኘው በትምህርቱ፣ በጤናውና በቤተሰቡ ጉዳይ ረዳው። ሌላኛው ምንም አልተደረገለትም። ተመራማሪዋ ጆአን ማክኮርድ ከ30 ዓመት በኋላ ልጆቹን ጎልማሳ ሆነው አፈላልጋ ውጤቱን በ1978 አሳተመች። እርዳታ ከተደረገላቸው መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፕሮግራሙ ጠቅሞናል አሉ። መዝገቡ ሲመረመር ግን በድጋሚ ወንጀል በመፈጸም፣ በመጠጥ ሱስ፣ በጤና መታወክና ቀድሞ በመሞት ከጥንዶቻቸው የባሱ ሆነው ተገኙ።

ይህን መጀመሪያ ባነበብኩበት ቀን ደንግጬ ነበር። ደግ ሐሳብ፣ ቅን ሠራተኞች፣ አመስጋኝ ተረጂዎች፤ ውጤቱ ግን ጉዳት። ማነጻጸሪያ ቡድኑ ባይኖር ኖሮ ፕሮግራሙ በምስጋና ብቻ ተመዝኖ እንደ ስኬት ይነገርለት ነበር። ከዚያ በኋላ «ተሳታፊዎቹ ደስተኞች ናቸው» የሚል የፕሮጀክት ሪፖርት ሳይ የማነጻጸሪያው ቡድን የት አለ እላለሁ፤ እናንተም ጠይቁ።

አንድ ጥናት ብቻውን የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ ለማየት ደግሞ በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ የተካሄደውን ሙከራ ተከታተሉ። ሎውረንስ ሸርማንና ሪቻርድ በርክ በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የተጠረጠረን ሰው ማሰር ከማስታረቅ ወይም ለጊዜው ከቤት ከማስወጣት ይልቅ ድጋሚ ጥቃትን ቀንሶ ተገኘ። ብዙ የፖሊስ ተቋማትም የማሰር ፖሊሲ አወጡ። ሙከራው በሌሎች ከተሞች ሲደገም ግን ውጤቱ ተለያየ፤ በአንዳንዶቹ ማሰር ሥራ ለሌላቸው ሰዎች ጥቃቱን አባባሰው። ዋናውንና ድጋሚዎቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሁለት ገጽ ጻፉ። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም።

ደረጃ 6፦ በቃላት ምርጫ ተጠንቅቃችሁ ጻፉ

በዚህ ትምህርት ቃል ሰው ይጎዳል። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ እና ጥፋተኛ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን በሦስተኛው ስም መጥራት ከሳሽም ዳኛም መሆን ነው። «ሌባ» እና «የሰረቀ ሰው» ደግሞ በአማርኛችን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሠራውን ይናገራል፤ የመጀመሪያው ማንነቱ ያደርገዋል። ቤከር በብዙ ገጽ የጻፈውን ቋንቋችን በሁለት ቃል ያሳየናል።

የጽሑፍ ሥራ ስትሠሩ ዝቅተኛ ውጤት የሚያሰጠው ስንፍና ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመስላል፦ «ድህነት የወንጀል ዋና መንስኤ ነው። ሜርተን እንዳለው ሰዎች ድሃ ሲሆኑ ይሰርቃሉ።» ሜርተን ይህን አላለም። የተሻለው እንዲህ ነው፦ «ሜርተን ያተኮረው ለሁሉም በሚሰበከው የስኬት ግብና ለሁሉም ባልተከፈተው መንገድ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ይህ ገንዘብ የሚገኝበትን ወንጀል ለማብራራት ይረዳል፤ ምንም ጥቅም የሌለውን የንብረት ማውደም ግን ለማብራራት ይቸገራል። ባለጸጎች የሚፈጽሙትን ማጭበርበርም በቀላሉ አይመልስም።» በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐሳቡን በትክክል አስቀመጠ፣ የሚሠራበትን አሳየ፣ የሚሰነካከልበትን ጠቆመ።

ባለጸጎቹን ካነሣን፣ ሰዘርላንድ በ1939 ባደረገው ንግግር ወንጀልን በድህነት ብቻ ማብራራት የመጣው የባለሥልጣናትና የኩባንያ ኃላፊዎች ጥፋት በወንጀል መዝገብ ስለማይገባ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1949 በ70 ትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ያደረገውን ጥናት ሲያሳትም የኩባንያዎቹ ስም እንዲወጣ ተደረገ፤ ስሞቹ ያሉበት ሙሉ ቅጂ የታተመው በ1983 ነው። የማን ወንጀል እንደሚቆጠር መጠየቅ የሚያስከፍል ጥያቄ ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ ሰዎች ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ሥነ ምግባሩ አስቡ

ማረሚያ ቤት መጎብኘት፣ ፍርድ ቤት ገብቶ ችሎት መከታተል፣ ከተጎጂዎች ጋር መነጋገር ትምህርቱን ሕያው ያደርገዋል። በብዙ ቦታ የሚቀለው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ችሎት ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጡ፤ እያንዳንዱ ጉዳይ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ ጠበቃ ያለውና የሌለው እንዴት እንደተስተናገደ ብቻ መዝግቡ። በፊልም ካያችሁት ጋር ያለው ርቀት ይገርማችኋል።

ቃለ መጠይቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ ማንንም አትጠይቁ። ምስጢር እንጠብቃለን ብላችሁ ቃል ስትገቡም የማትጠብቁትን አትግቡ፤ አንድ ሰው ሌላውን ሊጎዳ እንዳሰበ ቢነግራችሁ፣ ወይም ፍርድ ቤት ማስታወሻችሁን ቢጠይቅ፣ ተመራማሪ መሆናችሁ በአብዛኛው አገር ከሕግ አያስጥላችሁም። ይህን ለተጠያቂው አስቀድማችሁ ንገሩት። ተመራማሪው ራሱም ድንበሩን ሊስት ይችላል፤ በ1971 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እስረኛና ጠባቂ ሆነው የተካሄደው የማስመሰያ እስር ቤት ሙከራ ለሁለት ሳምንት ታቅዶ በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ። ተመራማሪው ፊሊፕ ዚምባርዶ ራሱ የእስር ቤቱ ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ስለነበር፣ ተማሪዎቹ ሲሠቃዩ በተመራማሪ ዓይን የሚያይ ሰው ጠፍቶ ነበር።

ስለ ራሳችሁም አስቡ። ስለ መደፈር፣ ስለ ሕፃናት ጥቃት ሳምንት ሙሉ ማንበብ ያደክማል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ተማሪ ያ ነገር ደርሶበት ሊሆን ይችላል፤ በክፍል ውስጥ በተጎጂዎች ላይ አትቀልዱ፣ የሚቀልድ ሲኖርም ዝም አትበሉ። እንቅልፍ ከነሣችሁ ለመምህሩ ንገሩና ርእሱን ቀይሩ። ማንም ጨዋ መምህር አይከለክላችሁም።

ደረጃ 8፦ የመመረቂያ ጥናታችሁን አጥብባችሁ ጀምሩ

«የወጣቶች ወንጀል መንስኤዎች» የሚል ርእስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ይህ ርእስ የሦስት ወር ሥራ አይደለም፤ የብዙ ሰዎች ዕድሜ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚመጥነው ይህን ይመስላል፦ «ሦስት ጋዜጦች በአንድ ዓመት ውስጥ ስለ ስልክ ንጥቂያ በጻፏቸው ዜናዎች ተጠርጣሪው የተገለጸው እንዴት ነው?» መረጃው በእጅ ይገኛል፣ ፈቃድ ለመጠበቅ ወራት አይፈጅም፣ ማንንም አይጎዳም።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። በመጀመሪያ 20 ዜናዎችን አንብቡና የመለያ ቅጽ አዘጋጁ። ዕድሜው ተጠቅሷል? የሚኖርበት ሠፈርስ? የተጠራው ተጠርጣሪ፣ ወጣት፣ ነጣቂ ወይስ ሌባ ተብሎ ነው? የተናገረው ፖሊስ ብቻ ነው ወይስ ተጠርጣሪውም ድምፅ አግኝቷል? ከዚያ ቅጹንና 20ዎቹን ዜናዎች ለጓደኛችሁ ስጡና ሳትነጋገሩ ለየብቻ ሙሉት። ስታስተያዩ የማይገጥም ነገር ይወጣል። አንዳችሁ «ነጣቂው» የሚለውን የድርጊት መግለጫ ብላችሁ ስትመዘግቡ ሌላው ፍርድ ብሎ መዝግቦታል። ይህ አለመስማማት ሀብት ነው፤ ቅጹን የምታስተካክሉት በእሱ ነው፤ በመመረቂያ ጽሑፉ የአሠራር ምዕራፍም ውስጥ በግልጽ ይጻፋል። ከተስማማችሁ በኋላ ብቻ ወደ ቀሩት ዜናዎች ሂዱ።

ከአማካሪያችሁ ጋር ስትገናኙ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አንድ ገጽ ጽሑፍና ሁለት ቁርጥ ያሉ ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ። «እንዴት ላድርገው?» የሚል ተማሪ አጠቃላይ ምክር ይሰጠዋል፤ «ዜናው ሁለት ተጠርጣሪዎች ካሉት አንድ ነው ሁለት ብዬ ልቁጠር?» የሚል ተማሪ መልስ ያገኛል።

ስለ ሥራ በአጭሩ

በዚህ ዲግሪ ብቻ ፖሊስ፣ ጠበቃ ወይም የሥነ ልቦና ሐኪም መሆን አይቻልም፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥልጠናና ፈቃድ አለው። ተመራቂዎች በብዛት የሚሄዱት ወደ ተጎጂዎች ድጋፍ፣ ወደ ማረሚያ ቤቶች የተሐድሶ ሥራ፣ በፖሊስና በፍትሕ ተቋማት ወዳለው የመረጃ ትንተና፣ በባንክና በኢንሹራንስ ወዳለው የማጭበርበር ምርመራ እና ወደ ምርምር ነው። ቀጣሪው ክሪሚኖሎጂ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ከመመረቂያ ጥናታችሁ አንድ ሰንጠረዥ አትማችሁ ያዙና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደቀረው በአምስት ደቂቃ አስረዱ።